የአሸዋ ከረጢቶቹ ዝላይ

ለወንድምዓለሜ፣

እንደምን ሰንብተሃል? ስትዘል ወለም ያለው ቁርጭምጭሚትህ በብርድ ያምሃል ወይስ ተወህ? ቤተሰቡስ ደህና ነው? እኛ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነን። እማዬ ዓይኗ ከታከመ ወዲህ መርፌ ላይ ክር ራሷ ታስገባለች።

ዛሬ ስለ ሥራዬ ልጽፍልህ ነው፤ ነገሩ አንተንም ይነካል። እናንተ አየር ወለዶች የምትዘሉበትን ፓራሹት ለአሥራ አንድ ዓመት የሰፋው አንድ ሰውዬ ነበር። እኛ ግዥ ክፍል ውስጥ «ብቸኛው» እንለዋለን። ንድፉ በእጁ ስለሆነ በየዓመቱ ዋጋ ሲጨምር እሺ ከማለት ሌላ ምርጫ አልነበረንም። ዘንድሮ ጭራሽ እጥፍ አደረገው። እኔም ንድፉን አንዴ ገዝተን የራሳችን እናድርገውና ሌሎች ሰፊዎችም ይወዳደሩ አልኩ። አለቃዬ ብዙ ካንገራገረ በኋላ እስክሪብቶውን አስቀምጦ፣ «ርካሹ ጨርቅ ቢቀደድ የማን ወንድም ነው የሚወድቀው?» አለኝ። «የእኔ» አልኩት። እስክሪብቶውን መልሶ አነሳና ፈረመ። ብቸኛውም እያጉረመረመ ንድፉን ሸጠልን።

ከሦስት ሰፊዎች፣ ከራሱ ከብቸኛው፣ ከአንዲት ድንኳን ሰፊና ከአንድ አዲስ ሰው፣ አምስት አምስት ናሙና ተቀበልን። ሰው የሚያህል የአሸዋ ከረጢት አሰርንባቸውና ከአውሮፕላን ተጣሉ። እኔ ሜዳው ዳር ቆሜ ነበር። ጠዋቱ ጭጋጋም ነው። የአውሮፕላኑ ድምፅ ርቆ ሲጠፋ፣ ነጫጭ ነገሮች ከጭጋጉ ውስጥ ቀስ እያሉ ብቅ አሉ። ኮሽታ እንኳ የለም። መቁጠር ጀምሬ ቁጥሩ ጠፋብኝ። ሁሉም አንተን መሰሉኝ፤ አንዱማ እንዳንተ ዘመም ብሎ ሲወርድ ስምህን ልጠራ ምንም አልቀረኝ። ሌላው ግን ሳይዘረጋ ወረደ። መሬቱን ሲመታ የሰማሁት ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። የሰፋው ከሁሉም ዝቅ ያለ ዋጋ የሰጠን ሰው ነበር። ዋጋው ምራቅ ቢያስውጥም እዚያው ሰረዝኩት።

የድንኳን ሰፊዋ አምስቱም እንደ ላባ አረፉላት። ብቸኛውም የሱ አምስቱ በደህና ቢያርፉም፣ ተፎካካሪ መምጣቱን ሲያይ የጨመረውን ሁሉ ሳንለምነው ቀነሰ። ሥራውን ለሁለቱ አካፈልን፤ በየዓመቱም እንደገና ይወዳደራሉ፤ አንዱ ቢያኮርፍ ሌላው አለልን።

አለቃዬ አመሰገነኝ። ድንኳን ሰፊዋ የሰፋቻቸው የመጀመሪያዎቹ ፓራሹቶች ወደ ጦር ሰፈራችሁ ተጭነዋል። ስፌቱን አንድ በአንድ በጣቴ ዳብሼዋለሁ። ቢሆንም የዘለልክ ዕለት እግርህ መሬት እንደነካ፣ ሌላውን ሁሉ ትተህ «ወረድኩ» ብለህ ብቻ ጻፍልኝ።

ለሚስትህ ለእታለሜ ናፍቆቴን ንገርልኝ። ልጅህን ትንሹን ጉልቤን አገላብጠህ፣ አማትህን ጉልበታቸውን ሳምልኝ። ለእማዬ ስለ ከረጢቱ አልነገርኳትም፤ አንተም እንዳትነግራት።

እህትህ
ከግዥ ክፍል፣ መስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛ
ግንቦት ፲፬ ቀን