ወደ ግራ የሚጎትተው ማሽን

ይድረስ ለምወድዎት አጎቴ፣

እንዴት ሰነበቱ? ሳልዎ ተሻለዎት? እትዬስ እንዴት ናቸው? እኛ ደህና ነን። እህትዎም ደህና ናት፤ ጤናዋን የማውቀው ከጠዋት እስከ ማታ እኔን ለመቆጣት አቅም ስለማታጣ ነው።

ሁለት ጊዜ ደጅዎ ድረስ መጥቼ እትዬ «ተኝተዋል» ብለው መልሰውኛል። ከረፋዱ በአራት ሰዓት የሚተኙ ሰው እንዳልሆኑ አውቃለሁ፤ ግን አልፈርድብዎትም። ለዚህ ነው የምጽፈው። እባክዎ ሳይቀድዱት እስከ መጨረሻው ያንብቡልኝ።

መጀመሪያ ስለዚያ የሳር ማጨጃ ልንገርዎት። እርስዎ ከትምህርት ቤቱ ከወጡ በኋላ አለቃችን እኔን ማሽኑ ላይ አስቀመጠኝ። የሳር መሰብሰቢያ ሬክ ይዤ ስጎነበስ ከርሜ ተቀምጦ መሥራት ሲመጣ፣ እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር። ደስታዬ ግማሽ ቀን አልቆየም። ሁለቱን እጀታዎች እኩል ወደ ፊት እገፋለሁ፣ እሱ ወደ ግራ። አስተካክዬ እገፋለሁ፣ አሁንም ወደ ግራ። የኳስ ሜዳውን ጨርሼ ዞር ብዬ ሳየው የሰከረ ሰው ያጨደው ይመስላል። የስፖርት አስተማሪው ቆሞ አይቶኝ ራሱን ነቀነቀና ሄደ። ከዚያ ወዲህ ቀኝ እጀታውን ቀኑን ሙሉ ወደ ኋላ ይዤ ነው የምነዳው። ቤት ስገባ ትከሻዬ የእኔ አይመስለኝም። እርስዎ ምሳ ላይ ቀኝ ትከሻዎን የሚያሹት ለምን እንደነበር ያኔ ገባኝ።

ለአለቃችን ነገርኩት። መካኒክ ይመጣል አለ። ከሦስት ሳምንት በኋላ መጣ። ጎማውን በጫማው መታ መታ አደረገ፣ አየር ሞላ፣ የአነዳድ ችግር ነው ብሎ አስፈርሞኝ ሄደ። ልጮህ ምንም አልቀረኝም። የማሽኑን መመሪያ ስጡኝ ብዬ ወደ ዕቃ ክፍል ብሄድ ኃላፊው መመሪያው ጠፍቷል አለኝ። መጽሐፉን ያገኘሁት እዚያው፣ የሱ ጠረጴዛ እንዳይነቃነቅ እግሩ ሥር ተደርጎ ነው። ሳወጣው ጠረጴዛው ዘመመ፣ ሰውዬውም አኮረፈኝ።

ይሄ ሁሉ ያበሳጨኛል እንጂ እንቅልፍ አይነሳኝም ነበር። ባለፈው ማክሰኞ የሆነው ግን ሌላ ነው።

ከቤተ መጻሕፍቱ በላይ ያለውን ዳገት እያጨድኩ የውሃ ጎማ መንገዴ ላይ ተዘርግቶ አገኘሁ። ማሽኑን አቆምኩ። ጎማዎቹ እንዲቆሙ ሁለቱን እጀታዎች ወደ ውጭ ከፈትኩ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳብኩ፣ ወረድኩ፣ ሁሉንም እርስዎ እንዳስተማሩኝ። ጎማውን እየጠቀለልኩ ድምፁ ሲቀርበኝ ዞር አልኩ። ማሽኑ ማንም ሳይኖርበት፣ ቀስ ብሎ፣ ወደ ግራ እየዞረ ቁልቁል እየወረደ ነው። ሮጬ ቁልፉን ዘጋሁት። ሲቆም ከአዲሱ የመስታወት በር ሁለት እርምጃ ነበር የቀረው። ሳሩ ላይ ቁጭ አልኩ። ያ በር ለምን አዲስ እንደሆነ፣ አሮጌው በዚሁ ማሽን እንዴት እንደተሰበረ፣ ለእርስዎ መንገር አያስፈልገኝም።

በማግስቱ መጽሐፉን ይዤ ገባሁበት። የኋላውን በክሪክ አንስቼ የፊት ጎማዎቹን በድንጋይ አስደገፍኩ። ፍሬኑ ሲለቀቅ ሰው ካልተቀመጠበት ሞተሩ ስለሚጠፋ ዘበኛውን ለመንኩት። እሱም አየር ላይ ሊወጣ ይመስል ወንበሩን በሁለት እጁ ጨምቆ ተቀመጠ። እጀታዎቹ ወደ ውጭ ተከፍተዋል፣ ሁለቱም ጎማ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። የግራው ቀጥ ብሏል። የቀኙ ግን ዝግ ብሎ ይዞራል፣ ይዞራል፣ አያቆምም። ዘበኛው አጎንብሶ አየው። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ያንን ሽማግሌ እኮ በከንቱ ነው ያባረርናቸው አለኝ።

ሞተሩን አጥፍቼ ወደ አለቃችን ቢሮ ሄድኩ፣ እጄን እንኳ ሳልታጠብ። ጎትቼ አመጣሁትና አሳየሁት። የሚዞረውን ጎማ ትንሽ አይቶ፣ ጥሩ ነው አስተካክይው አለኝ። አስተካክይው! አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠራን ሰው አርጅተዋል፣ ይረሳሉ፣ እጀታውን ሳይከፍቱ ወርደዋል ብሎ በአንድ ከሰዓት ያስወጣ ሰው። ንዴቴ አናቴ ላይ ወጣ። ግን አጎቴ፣ የተናደድኩት በሱ ብቻ አልነበረም።

«ያን ቀን አይቻለሁ» አልኩት። «እጀታዎቹ ተከፍተው ነበር፣ ፍሬኑም ተስቦ ነበር። በዓይኔ አይቻለሁ።»

ያኔ ስጠየቅ ጀርባዬን ሰጥቼ ነበር ብለሽ አልነበረም ወይ አለኝ። አዎ ብያለሁ አልኩት። ለምን አለኝ። እርስዎ ለምነው ካስገቡኝ ገና ሁለት ወር ሆኖኝ እንደነበር፣ ከእርስዎ ጋር አብረው እንዳያስወጡኝ ፈርቼ እንደነበር ነገርኩት። ወረቀት ሰጠኝና ጻፊው አለ። ጻፍኩ፣ ፈረምኩ። ለእርስዎም መንገር የነበረብኝን አሁን ነገርኩዎት። ይቅር ይበሉኝ ለማለት ብዙ ጊዜ ብዕር አንስቼ ነበር፤ ሁልጊዜ ስለ ማሽኑ ጀምሬ እተወዋለሁ።

ከቢሮው ወጥቼ ማሽኑን ሳልጨርስ አልሄድም አልኩ። የቀኙን እጀታ ከጎማው ጋር የሚያገናኘውን ዘንግ ዳዶ ለማላላት ብቻ አንድ ሰዓት ፈጀብኝ፤ ዝጎ ከብረቱ ጋር አንድ ሆኗል፣ መዳፌንም ልጦኛል። ዘንጉን ሁለት ዙር ተኩል ሳዞረው ጎማው ቆመ። ከዚያ ሜዳ ላይ ነድቼ ሞከርኩት፣ አሁንም በትንሹ ወደ ግራ ይላል። መጽሐፉ የሚፈጥነውን ጎማ አዘግዩ እንጂ የሚዘገየውን አታፍጥኑ ይላል፤ ስለዚህ የቀኙን እጀታ የሚያግደውን ብሎን ትንሽ አወጣሁት። አሁን እንደ ክር ይሄዳል። ፍሬኑ ግን አልቋል፣ ገናም አልተቀየረም፤ እስኪቀየር ዳገት ላይ ሞተሩን ሳያጠፉ እንዳይወርዱ። የቀኙን ዘንግም ማንም እንዳይነካው፣ ያ መካኒክ በተለይ።

አለቃችን ወደ ሥራ ይመለሱ የሚል ደብዳቤ እልክላቸዋለሁ ብሏል። ዘበኛው ሲታተም አይቻለሁ ይላል። እባክዎ በኩራት አይመልሱት። እኔ ከሥራ ስለወጣሁ ማሽኑ ከሰኞ ጀምሮ ነጂ የለውም፣ ሳሩም አድጓል።

ስለ እኔ አያስቡ። መዳፌ እየደረቀ ነው። እህትዎ ቀኑን ሙሉ ፊቷ ስንጎራደድ እያየችኝ ሰልችቷት ቁም ሳጥኑን ሦስት ጊዜ አስደርድራኛለች። የሥራ ልብሴን አጥቤ፣ ተኩሼ፣ ለዘበኛው አስረክቤዋለሁ።

እግዚአብሔር ጤናና ረጅም ዕድሜ ይስጥልኝ፤ ቤትዎን ሰላም ያድርግልኝ። እትዬን ጉልበትዎን ስማለች ይበሉልኝ።

እጅዎን እየሳምኩ፣
የእህትዎ ልጅ