የመኪናው መጎተቻ ዝገት

ሐሙስ፣ ጥር 14

የማዳም ልጆች መኪናው ኋላ ያለው መጎተቻ ብረት ላይ እየተቀመጡ ዩኒፎርማቸውን ዝገት በዝገት ያደርጉታል። በሎሚና በጨው ማሸት ሰለቸኝ። ዛሬ ማዳምን አስፈቅጄ ብረቱን በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩት፤ ዝገቱ ላይ ላዩን ብቻ ነበር። ከዋሄን ገበያ የገዛሁትን ጥቁር የዘይት ቀለም ቀባሁት። ልጆቹንም፣ "ዝር እንዳትሉ!" ብዬ በር ዘጋሁባቸው።

አመሻሽ ላይ የታጠበ ልብስ ሳወርድ የማዳም አባት ከኋላዬ፣ "አንቺ ልጅ፣ ማሻአላህ፣ እንዴት አሳምረሽዋል!" አሉኝ። ድሬዳዋ ስላደጉ አማርኛቸው ጥሩ ነው። ዞር ስል የመግሪብን አዛን ሊጠብቁ በነጭ ሽርጣቸው ተደላድለው ተቀምጠውበታል።

ይነሱ ልበላቸው ወይስ አይነሱ፣ ጨነቀኝ።

ሽርጡ አሁንም ተዘፍዝፏል። ሎሚ ለዝገት እንጂ ለቀለም አይሆንም።