ከገብሱ ሥር የወጣው ነጭ ክር

ውድነሽ ሆዴ፣

እንዴት ከርመሻል ብዬ ብጠይቅ መልስ እንደማይመጣልኝ አውቃለሁ፤ ሆኖም ሰላምታ ሳላስቀድም መጻፍ አልሆነልኝም። ከተለየሽኝ ይኸው ሁለተኛው ክረምት ወጣ።

ቤቱ ደህና ነው። ልጃችን ጥሩነሽ እንዝርትሽን ወርሳለች፤ ፈትሏ ግን ገና ገመድ ነው፣ አልነገርኳትም። ንጉሡ ወደ እንጦጦ ከወጡ ወዲህ አንኮበር ጭር ብላለች። ከአልዩ አምባ ጥጥ ያመጣልሽ የነበረው ነጋዴ አልፎ አልፎ ብቅ ሲል አሁንም አንቺን ያነሳል። እኔም እንደ ድሮው ብራና እፍቃለሁ፣ እጽፋለሁ።

ዛሬ የምጽፍልሽ ስለዚያ ትልሽ ነው። ምንጩ አጠገብ ካለው ማሳችን የገብስ ሥር የሚበላውን ወፍራም ትል ስትለቅሚ፣ ከአንዱ ሆድ ረጅም ነጭ ክር እየተሳበ ሲወጣና ትሉ ሲሞት አይተሽ ጠራሽኝ። እኔ ወስፋት ነው ብዬ ወደ ብራናዬ ተመለስኩ። አንቺ ግን የጎረቤት ልጅ መድኃኒት ጠጥቶ ያወጣውን ወስፋት በቅጠል ይዘሽ መጣሽና ሁለቱን ጎን ለጎን አጋደምሽልኝ፤ ያውም ምሳዬን ልበላ ስል! ወስፋቱ ወፍራም ነው። ያንቺው ከሸማ ክር የቀጠነ፣ ስንዝር የሚሞላ፣ እግርም ዐይንም የሌለው፣ ሲነኩት የሚጠቀለል። ይህ ሌላ ፍጥረት ነው፣ የገብሳችንን ጠላት ይገድላል እንጂ ገብስ አይነካም አልሽ። በማውቃቸው መጻሕፍት ሁሉ ስሙን ፈለግሁለት፤ አጣሁት።

ባለፈው ግንቦት ማሳችን ሲታረስ ጎረቤቶቻችን ያንን ነጭ ክር አዩና ገብስ የሚያደርቀው እሱ ነው ብለው ፈሩ። ወደ እነሱም ማሳ ሳይዛመት አፈሩ ተከምሮ በኩበት ይቃጠል ተባለ። የተቃጠለ አፈር አንድ ሁለት ዓመት ያበላና ብዙ ዓመት ጦም ያድራል። እኔና ጥሩነሽ ደግሞ ሌላ ማሳ የለንም።

ጊዜ ስጡኝ ብዬ ለመንኩ። በሁለት አሮጌ ድስቶች ገብስ ዘርቼ በአንዱ ወፍራሙን ትል፣ በሌላው ነጩን ክር ጨመርኩና ሰው ሁሉ ሲገባ ሲወጣ እንዲያያቸው ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ አስቀመጥኳቸው። መሪጌታ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ትል ማርባት ጀመረ ብለው ሳቁብኝ። ውስጤ ግን በጣም ፈርቶ ነበር። ብትሳሳቺስ?

አልተሳሳትሽም። ወፍራሙ ትል ያለበት ገብስ ቢጫ ሆኖ ወደቀ፤ ነጩ ክር ያለበት ግን ለምለም ነበር። የአጥቢያው ሽማግሌ ቡቃያውን ነቅለው ሥሩን አገላብጠው አዩ፤ አንድም የተበላ የለም። ማሳው አይቃጠል አሉ። በሰው ፊት አለቀስኩ።

ከዚያ የነጩ ክር ስም ማን ይባላል ብለው ጠየቁኝ። አብረውሽ ይፈትሉ የነበሩት እማማ በለጡ ከኋላ ሆነው የውድነሽ ፈትል ነው አሉ። አገሩ ሁሉ በዚሁ ስም ይጠራው ጀመር። በስምሽ ትል መጠራቱን ብትሰሚ እንደምትቆጪ አውቃለሁ፤ እኔ የለሁበትም።

ትናንት ጥሩነሽ ስታርም አንዱን አግኝታ፣ አባዬ፣ ና የውድነሽን ፈትል እይ እያለች ጮኸች። ከሞትሽ ወዲህ ስምሽ በማሳችን ላይ ጮክ ተብሎ ሲጠራ ስሰማ መጀመሪያዬ ነው። መልሳ አፈር አለበሰችው። እኔ በሕይወት እስካለሁ ድረስ ያንን ማሳ እሳት አይነካውም።