ሦስት ቀይ ምልክት

ሰኞ፣ ሚያዝያ 8 ቀን 1999፣ ቢቸና

ዘጠኙም መጡ። ስም ጠራሁ፣ ፊሽካ ነፋሁ፣ ሁለት ዙር ሮጡ። አቧራው አይጣል ነው። መረቡ ግራ ጫፉ ላይ እንደገና ተቀዷል፤ በሲባጎ ቋጠርኩት። ከዚያ የምለጋውን ኳስ በክንድ ማንሳት፣ በየተራ ሃያ ሃያ። የሺ ሃያውንም አነሳች። ውባለም ስድስት። ባለፈው ሳምንት አራት ነበረች፤ ጻፍኩላት።

ማስታወሻዬ፣ ላንተ ብቻ ልንገርህ። ጡረታ ወጥቼ ት/ቤቱ ይህን የሴቶች መረብ ኳስ ቡድን ከሰጠኝ ወዲህ እንደ የሺ ያለ ልጅ አላየሁም። ዘንድሮ አሥረኛ ክፍል ናት። ግንቦት 4 ሞጣ ሄደን እንጫወታለን፤ የዞኑ ተጫዋች መራጭ ይመጣል። ከተመረጠች ክረምቱን ደ/ማርቆስ ትሠለጥናለች። ካልተመረጠች ከት/ቤት ስትወጣ ኳሱም አብሮ ያበቃል። እንዲህ እንደማስባት አልነገርኳትም። ካሞገስኳት ትዘናጋለች ብዬ እፈራለሁ።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 12

የሺ ቀረች። ቀይ ምልክት።

እንደተለመደው ስድስቱ ከወንዶቹ ጋር ይጋጠማሉ፣ የተረፉት ኳስ ያቀብላሉ። በየሺ ቦታ ውባለምን አስገባሁ። ኳሱ እጇን ትቶ ፊቷን ይመታል። ወንዶቹ ሳቁባት። ስትወጣ ግን ላብ በላብ ሆና ጥርሷ አልከደን አለ። ከመስከረም ጀምሮ አንድ ቀን ያልቀረች ልጅ ናት። ስንት ቀን ሜዳ እንደገባች መዝገቤ ላይ የለም።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 19

የሺ ደግሞ ቀረች። ሁለተኛ ቀይ። ሰኞና ረቡዕ ነበረች፤ ምንም አላመማትም። ተናድጃለሁ። ችሎታ ያለው ልጅ ሁሌም እንዲህ ነው፣ ሕግ ለሌላ ሰው የወጣ ይመስለዋል።

ሕጌን ያውቁታል። መስከረም ላይ በጠመኔ ጽፌላቸዋለሁ። ከአምስት ደቂቃ በላይ የዘገየች እንደቀረች ትቆጠራለች። ሦስት ቀይ ያላት የሚቀጥለውን ጨዋታ ተቀምጣ ትጀምራለች። ሰበብ አይሰማም። ሠላሳ አራት ዓመት ክፍል የያዝኩት በዚህ ነው።

ረቡዕ፣ ግንቦት 1

10፡00 ለሚጀመር ልምምድ የሺ 10፡07 ላይ እየሮጠች ደረሰች። የሒሳብ መምህሩ ፈተና ሲያርም እንዳቆያቸው መናገር ጀመረች። በእጄ አስቆምኳት። ሦስተኛ ቀይ።

አላለቀሰችም። ጫማዋን አስራ ኳስ ከሚያቀብሉት ጋር ሄዳ ቆመች። ከንፈሯ የሚንቀጠቀጠው ውባለም ናት። ምን ሆንሽ አላልኳትም።

ዓርብ፣ ግንቦት 3

ር/መምህሩ ቢሮው ጠርቶ ለመነኝ። ጋሼ፣ ሰባት ደቂቃ ናት እኮ፣ አለ። እሱ ገና ልጅ ነው፣ የኔን ያህል አላስተማረም። ለሷ ይቅር ካልኩ ለስምንቱ ምን እላለሁ?

ግን አስቤበታለሁ። ሁለት ዙር ትቀመጥ፤ ሦስተኛው ላይ አስገባታለሁ። መራጩም ያያታል፣ ሕጉም አይፈርስም። ደስ ብሎኛል።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 4፣ ማታ 1፡30

ተሸነፍን። ሁለት ለዜሮ። ሁለት ዙር የወሰደ ያሸንፋል፤ ሦስተኛ ዙር አልነበረም።

የሞጣ ተመልካች ልጆቼ ሲያሟሙቁ የሺን አይቷታል። ከዚያ ወንበር ላይ ተቀምጣ ሲያያት ለፌዝ ጊዜ አገኘ። “ቢቸናዎች፣ ያቺን ረጅሟን ለጌጥ ነው ያመጣችኋት?” አለ አንዱ። ሌላው፣ “ሽማግሌው ለልጁ ሊድራት ደብቋት ነው!” ሜዳው በሳቅ ተናጋ። በየሺ ቦታ ውባለም ነበረች። የሞጣ ልጆች ወዲያው ነቁባት፤ ኳሱን ሁሉ ወደሷ። በሁለተኛው ዙር 22 እኩል ሆንን። የሺ ቀና ብላ አየችኝ። ቅያሪ መጠየቅ እችል ነበር። እጄ ኪሴ ውስጥ ነው። ሁለት ዙር ብያለሁ አልኩ ለራሴ። 25 ለ22።

መራጩ ዘንድ ሄድኩ። ስምንተኛ ክፍል ያስተማርኩት ልጅ ሆኖ ተገኘ። ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ አለ። የሺን ጻፍልኝ አልኩት። ሲጫወት ያላየውን ተጫዋች መጻፍ እንደማይችል በትሕትና ነገረኝ። ሕግ ነው፣ ይህን ደግሞ የተማርኩት ከርስዎ ነው፣ አለኝ። እየቀለደ አልነበረም፤ ከልቡ ሊያከብረኝ ነው።

አውቶቡሱ ደብረ ወርቅን ሲያልፍ ውባለም አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። ዓይኗ አብጧል። እንዲህ አለችኝ፣ “ቲቸር፣ የሺ ሁለቱን ዓርብ የቀረችው ለኔ ብላ ነው። እርስዎ ሰው ካልጎደለ አያስገቡኝማ። ሁለት ቀይ እችላለሁ፣ ሦስተኛ ግን አልጨምርም ብላኝ ነበር።”

ሦስተኛውን እሷ አልጨመረችም። እሱን የጨመርኩት እኔ ነኝ። ወደኋላ ዞሬ አየሁ። የሺ መስኮቱን ተደግፋ ተኝታለች፤ ወይም የተኛች መስላለች።

እሑድ፣ ግንቦት 5

መዝገቡን ከመስከረም ጀምሮ ገለበጥኩት። የቀሪዎች ዓምድ አለ። የዘገዩ አለ። ያነሱት ኳስ አለ። ንጹሕ ጽሕፈት፣ አንድ ስርዝ የለም። ውባለም ሜዳ የገባችባቸውን ቀናት ከቀሪዎቹ ተነስቼ ቆጠርኩ። አምስት። በስምንት ወር አምስት ቀን። ሁለቱን የሰጠቻት የሺ ናት። እኔ አንድም።

ሰኞ፣ ግንቦት 6

10፡00። ስም ጠራሁ። ስምንት ናቸው። የሺ የለችም። 10፡05። 10፡07። ቀዩን እስክሪብቶ አላወጣሁም።

ውባለምን ግቢ አልኳት። አልገባችም። የሰው ቦታ ነው ቲቸር፣ ብላ ኳስ ማቀበሏን ቀጠለች። ቆጣ አልኩ፤ አሁንም አልገባችም። ሌሎቹ ሁለት ኳስ አቀባዮችም መሬት መሬት ያያሉ። አምስቱ ከወንዶቹ ስድስት ጋር ተጫወቱ። ወንዶቹ እንኳ አልሳቁም።

ሠላሳ አራት ዓመት ወላጅ አስጠርቻለሁ። ወላጅ ቤት ሄጄ አላውቅም። ነገ ጠዋት የሺ ቤት እሄዳለሁ። እናቷ ፊት፣ እሷም እየሰማች እናገራለሁ። አፌ እንዳይተሳሰር ብዬ የምለውን በወረቀት ጀምሬዋለሁ፣ እንደ ትምህርት ዕቅድ። ሦስት ጊዜ ቀደድኩት። አራተኛው ይኸው፦

እሜቴ፣ የመጣሁት ልጅዎ አጥፍታ አይደለም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።