የፋርማሲስቱ የአደራ ሰዓት

ሰኞ፣ ኅዳር 4

ሌላውን ስትገሥጽ ለኖርህ ለአንተ፣ ለገዛ ራሴ፣ ይህን እጽፋለሁ፤ አንተን የሚገሥጽህ ብቸኛ ሰው ዛሬ ሆስፒታል ገብቷልና። ፋርማሲስቱ ወዳጄ ዓይኑን ሊታከም ተኛ። የአባቱን ሰዓት በአደራ ሰጠኝ።

«የኔታ፣ በየጠዋቱ ሙላት። ሌላ ምንም አትንካ።» የኔታ የሚለኝ ሊያሾፍብኝ ነው...

ከሰዓት በኋላ የራሴን ሰዓቶች ወለወልሁ። ዐሥራ አንድ ናቸው። ወዳጄን ሳላውቅ አርባ ነበሩ፤ ሁሉም የሚያብረቀርቁ። የሰዓቶቼን ሳጥን ገና ሲያይ ምን አለ? «ይሄ ሁሉ ሙሽራ! አንድ ሽማግሌ እንኳ የለም?» የጀርባ ክዳን ከፍቼ እንድመለከት ያስተማረኝ እርሱ ነው። ሰዓት ሠሪ ያበጀበትን ቀንና ስሙን ከክዳኑ ውስጥ በመርፌ ይጭራል። «እሱን አንብብ፤ ፊቷማ ለአላፊ አግዳሚው ነው።» ውስጣቸው ምንም ያልተጻፈባቸውን አንድ በአንድ አሰናበትሁ።

የአባቱን ሰዓት ግን ከፍቶ አሳይቶኝ አያውቅም። ለምን?

ቅዳሜ፣ ኅዳር 9

ትናንት መሙላት ረሳሁ። እኔ!

ዛሬ ጠዋት ቆማ አገኘኋት፤ የሰዓትና የደቂቃ ቆጣሪዎቹ እኩለ ሌሊት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ላይ። ቀኗ በአንድ ወደ ኋላ ቀርቷል። መቆሟ እንዳይታወቅብኝ ቀኑን ገፋሁት... ቀጭ አለ። ቆጣሪዎቹ እኩለ ሌሊት አካባቢ ሳሉ፣ ጥርሶቹ ስለሚያያዙ፣ ቀን እንደማይነካ ስንቱን ሰው ተቆጥቻለሁ! የቀኑ ጥርስ ተሰበረ።

እሑድ፣ ኅዳር 10

ተቀመጥሁ፣ ተነሣሁ። ሦስት ጊዜ ሰዓቷ ያለችበትን መሳቢያ ከፍቼ ዘጋሁ።

ሰኞ፣ ኅዳር 11

ሰዓት ሠሪው ዘንድ ሄድሁ። «ምልክት ሳታኖርባት አብጅልኝ» አልሁት። ከማጉያው ቀና አለ።

«‹እንዲህ የሚልህን ሰው ከደጅህ መልሰው› ያሉኝ እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

ሳላስከፍታት ይዣት ወጣሁ። እስከ ቤቴ ጆሮዬ እንደ ጋለ ነበር።

ረቡዕ፣ ኅዳር 13

የወዳጄ ሁለቱም ዓይኖቹ በፋሻ ተሸፍነዋል አሉ። አያይም። ዝም ብል ማን ያውቃል? ... ይህን የጻፈው የእኔ እጅ ነውን?

ሐሙስ፣ ኅዳር 14

ሆስፒታል ልጠይቀው ሄድሁ። ገና ሳልቀመጥ እጁን ዘረጋ። ጠዋት የሞላኋትን ሰዓት ሰጠሁት፤ ወደ ጆሮው አስጠጋት። «ደህና ናት» አለ፣ ፈገግ ብሎ። በዚያ ማብቃት ይቻል ነበር...

ነርሷ እስክትወጣ ታገሥሁና ሁሉን ነገርሁት፤ መርሳቴን፣ መደበቄን፣ ሰዓት ሠሪውን የለመንሁትን። ከዚያ ክዳኑን በጥፍሩ ፈልቅቆ ውስጡን በጣቱ ዳሰሰና በመርፌ የተጫሩትን ሁለት መስመሮች እንዳነብ ወደ እኔ አዞረልኝ።

«‹ከእጄ ወደቀች› የሚለው የአባዬ ነው። ‹ውኃ አስገባሁባት› የኔ። አንተን ፈርቼ ነው እስከዛሬ ያላሳየሁህ። በል የኔታ፣ ከኔ በታች ቦታ አለ፤ መርፌ ፈልግ።»