ለናዝሬት ቄጤማ

ጀሞ፣ ጥር 7 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድሽ ውብነሽ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ሙፊዳ ነገ ወደ ጅዳ ስለምትመለስ ይህን በእጇ ልኬልሻለሁ። በስልክ "ናዝሬት እንዴት ናት?" ስትይኝ የአሠሪሽ ድምፅ ከጎንሽ እየተሰማኝ "ደህና ናት" እልሻለሁ። ታውቂኛለሽ፣ ታክሲ ውስጥ ከረዳት ጋር ለመጨቃጨቅ እንጂ ለቁም ነገር አፌ አይፈታም።

ልጃችን ደህና አይደለችም።

የመጀመሪያውን ኬሞ ጨርሳ ለእንቁጣጣሽ ከሆስፒታል ስትወጣ ትዝ ይልሻል? "ቤቱን ቄጤማ ጎዝጉዝላት፣ እንደ ሙሽራ ትግባ" አልሽኝ። ከመካኒሳ አቦ ገዝቼ ጎዘጎዝኩላት፤ እንዳይደርቅባትም ውሃ እያርከፈከፍኩ ሳምንቱን ሙሉ አቆየሁት። እሷም ፀጉር የሌለው ራሷን በነጠላሽ ሸፍና ስትንከባለልበት በስልክ እያየሽ አብረሻት ሳቅሽ። ከታመመች ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም።

ትኩሳቱ የጀመራት ከዚያ በኋላ ነው። ኬሞው የሰውነቷን መከላከያ አሟጦት ስለነበር ሳንባዋ ውስጥ ሻጋታ ገባ። አዎ፣ ሻጋታ። የምታክማት ዶክተር ሌንሳ ፊልሙን ስታሳየኝ የልጅቷን ጡጫ ያህላል። በመድኃኒት አልጠፋ አለ፣ ደም ማሳል ጀመረች። እሱ ሳይወጣ ኬሞ መቀጠል አይቻልም፤ ኬሞው ከተቋረጠ ደግሞ የደም ካንሰሩ ይመለሳል። ስለዚህ ኅዳር ላይ ከቀኝ ሳንባዋ የተበላሸውን ቆርጠው አወጡ። ደሟ ቶሎ ስለማይረጋ ጎረቤቱም፣ የታክሲ ተራ ልጆችም ደም ሰጧት። ቀዶ ሕክምናው ተሳክቶ ነበር። ያን ቀን እልል ያልሽው በውሸት አልነበረም።

ግን ቁስሏ እስኪጠግግ ኬሞው ዘገየ። እኛ ስንጠብቅ ካንሰሩ ተመለሰ።

"ሻጋታው ከየት መጣባት?" እያልሽ ትጠይቂኛለሽ። ከአየር ነው። አጠገባችን ፎቅ እየተሠራ አይደል፣ የእሱ አቧራ ነው። ዶክተሯ ስትጠይቀኝም ይህንኑ ነው የነገርኳት። ካንቺ የመጣ ምንም ነገር የለም፣ ውቤ። ማንም ሌላ ቢልሽ እንዳትሰሚ።

ሰው ፊት አላወጣውም እንጂ ተስፋዬ ተሟጧል። አንዳንዴ ተሳፋሪ አውርጄ መሪው ላይ ተደፍቼ አለቅሳለሁ። ረዳቱ የታመምኩ ይመስለዋል።

እሁድ፣ በከተራ፣ ወደ ቤት እናመጣታለን። "አባዬ፣ እማዬ እንዳዘዘችው ቄጤማ ጎዝጉዝልኝ" አለችኝ። ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ አበባና እርጥብ ሣር አጠገቧ እንዳይደርስ ተከልክሎ ነበር፤ ሁሉንም በሽተኛ ይከለክላሉ፣ ምንም እንዳታስቢ። ዶክተር ሌንሳን ኮሪደር ላይ ጠብቄ ጠየቅኋት። "አሁን ይቻላል። የፈለገችውን ሁሉ አድርጉላት" አለችኝ።

አሠሪሽን ለምነሽ፣ እግሯ ላይም ወድቀሽ ቢሆን ነይ። ሀና ማርያም መንገድሽን ታቅናልሽ፣ ባለሽበትም ትጠብቅሽ።

እስክትደርሺ ቄጤማው እንዳይደርቅ ውሃ አርከፈክፍበታለሁ።

የናዝሬት አባት፣
ገሠሠ