ከሄቨን የደበቅኩት መጨረሻ

አምቦ፣ ሰኔ 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ውድ ቢፍቱ፣

ከሁሉ በፊት ይህን አንብቢ፦ ሄቨን ደህና ናት። ትናንት እራቷን በልታ ተኝታ አድራለች። ይህን ያስቀደምኩት ሰባት ዓመት ድምፄን አጥፍቼ ድንገት ስጽፍልሽ ልብሽ ቀጥ እንዳይል ብዬ ነው። እውነቱን ከፈለግሽ ቀጥ ያለው የእኔ ልብ ነው። ስልክ ያልደወልኩልሽ ከግድግዳ ማዶ የሚንሾካሾኩትን የምትሰማ ልጅ ስላለችኝ ነው። ይህን የምጽፈው መሥሪያ ቤት፣ መዝገብ ቤቱ ውስጥ ከፋይሎቹ ጀርባ ተደብቄ ነው።

ሄቨንን በሽማግሌዎች ፊት በጉዲፈቻ ስትሰጪኝ የአርባ ቀን ልጅ ነበረች። አንቺ ብቻሽን ነበርሽ፤ እኔና ባሌ ጃርሶ ደግሞ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ጠብቀን አጥተን ነበር። ከዚያ በኋላ “የማን ልጅ ናት?” ብሎ የሚጠይቅ ሰው ነውረኛ እንደሚባል ታውቂያለሽ። አንቺም ቃልሽን ጠብቀሽ ሸነን ከተማ ተቀመጥሽ፤ በመኪና ግማሽ ቀን በማይሞላ መንገድ ላይ ሆነሽ አንድ ቀን በሬን አላንኳኳሽም። ልጅቷ ግን ስታድግ ግንባሯ ያንቺን እየመሰለ መጣ። ፍርሃቴም አብሯት አደገ። ነገ እነግራታለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ ስል ሰባት ዓመት ሆነኝ።

ጉዴን ያወጣው የካርቱን ፊልም ነው። ብትስቂ አልቀየምሽም። ጃርሶ ፍላሽ ላይ ከሚጭኑ ሱቆች ካንዱ አምጥቶላት ነው። ጎርፍ ያመጣውን የቀበሮ ቡችላ አንዲት ፍየል አጥብታ ታሳድገዋለች። ጠንከር ሲል ከፍታ ላይ ወጥቶ ይጮኻል፤ የወለደችው እናቱ ከማዶ ተራራ ትመልስለታለች፤ ወደ እሷ ይሄዳል፤ በዚያው ይቀራል። ፍየሏ ሜዳው ላይ ብቻዋን ቆማ ፊልሙ ያልቃል። ንግግሩ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ከሄቨን አጠገብ ተቀምጬ የምተረጉምላት እኔ ነበርኩ።

“እማ፣ አሁን ምን አለ?” ትለኛለች በየደቂቃው።

እስከ መጨረሻው ድረስ በሐቅ ተረጎምኩ። ቡችላው እናቱ ደረት ላይ ሲለጠፍ ግን “አክስቱ ናት፤ ሊጠይቃት ሄዶ ነው። ነገ ወደ እናቱ ወደ ፍየሏ ይመለሳል” አልኳትና፣ የፍየሏ እንባ ሳይታይ ቴሌቪዥኑን አጠፋሁት።

ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ እዚያው ላይ እያጠፋሁት ስንት ጊዜ እንዳየነው እንጃ። አንድ ቃል ብቀይር ታርመኛለች። ፍየሏ ራሷ እየራባት ቡችላውን ስታጠባ ስላየች፣ ምሳዋን ለሁለት ከፍላ ምሳ ላልያዘች ልጅ ትሰጥ ጀመር። ጎረቤታችን ሸዋገነት “ይቺን ልጅ ምን ብለሽ ነው ያሳደግሻት?” ስትለኝ የኔ ሙያ መስሎኝ ኮራሁ። ደግነቱን እንዲህ ያመነች ልጅ ውሸቱንም እንዲሁ እንደምታምን አላሰብኩም።

ባለፈው ዓርብ መምህሯ ገመቺስ ያንኑ ፊልም ለክፍሉ አሳየ፤ በኦሮምኛ የተተረጎመውን። ሄቨን “እኔ አውቀዋለሁ” ብላ ጓደኞቿን ሰብስባ መጨረሻውን ቀድማ አወራችላቸው። ቡችላው ደግሞ አፉን ከፍቶ “ሃዸ ኮ አርገዼ” አለ፤ እናቴን አገኘሁ ማለቱ ነው። ልጆቹ ሳቁባት።

ቤት ስትገባ ቦርሳዋን እንኳ አላወረደችም።

“እማ፣ ለምን ዋሸሽኝ?”

“እንግሊዝኛው አልገባኝም ነበር።”

“ሌላው ሁሉ ገብቶሽ?”

ቦርሳዋን ከትከሻዋ አወረድኩላት። “ፍየሏ ግን እናቱ እንዳልሆነች ነግራው ነበር?” አለችኝ። ወጡ እንዳያርብኝ ብዬ ተነሣሁ። ምድጃው ላይ ምንም አልተጣደም ነበር።

ሰኞ ቀትር ላይ ከትምህርት ቤት ሳትመለስ ቀረች። ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ ሲጥል ውሎ ሁሉቃ ወንዝ ሞልቷል፤ ጩኸቱ እስከ አስፋልቱ ይሰማል። ጃርሶ ወደ መናኸሪያ፣ ገመቺስ ወደ ገበያ ሮጡ። እኔ በወንዙ ዳር እሮጣለሁ። ውኃው አንድ ሰማያዊ ፌስታል ይዞ ሲያልፍ የደንብ ልብሷ መስሎኝ ጭቃው ላይ ተቀመጥኩ። ያን ጊዜ ያልኩትን ልንገርሽ። “ልጄን” አላልኩም። “የቢፍቱን ልጅ ገደልኩባት” ነው ያልኩት። ሰባት ዓመት ሙሉ ለራሴ እንኳ ያልተነፈስኩት ቃል ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንጨት የሚለቅሙ ሴቶች፣ ከከተማው በላይ ካለው የባሕር ዛፍ ጉብታ ላይ አንዲት ልጅ ትጮኻለች ብለው ለገመቺስ ነገሩት። ስንደርስ በስብሳ ትንቀጠቀጣለች፤ ድምፅዋ ተዘግቷል። ለካ ከቀትር ጀምሮ እንደ ቡችላው ከፍታ ላይ ቆማ ስትጣራ ኖሯል።

“ሃዸ ኮ፣ ሃዸ ኮ ብዬ ጠራሁ” አለችኝ በማይሰማ ድምፅ። “ማንም አልመለሰልኝም። እንግዲያው እናቴ አንቺ ነሽ።”

አቀፍኳት። ደስ አለኝ፣ ቢፍቱ። ጌታ ይቅር ይበለኝ፣ በዚያ ዝናብ ውስጥ፣ ልጄ በብርድ ጥርሷ እየተንቀጫቀጨ፣ ማንም ስላልመለሰላት ደስ አለኝ። ያ ደስታ ከወንዙ የበለጠ አስፈራኝ። ዝም ብል ታምነኛለች። አንድ ቀን ግን እንደ ፊልሙ ከሌላ ሰው አፍ ትሰማዋለች፤ ያን ቀን ወዴት እንደምትሄድና ማን እንደሚያገኛት አላውቅም።

ትናንት ከሥራ እንደተመለስኩ አጠገቤ አስቀምጬ፣ አርባ ቀን ሲሞላት እንደተሰጠችኝ፣ የወለደቻት እናት እንዳለች ነገርኳት። “ሩቅ ስለሆነች ነው ያልሰማችሽ። ቅዳሜ ወደ እሷ እንሄዳለን” አልኳት።

“ከሄድን በኋላ እኔ የት ነው የምሆነው?”

ለፊልም ቢሆን አንድ ነገር አበጅለት ነበር። “አላውቅም” አልኳት።

“ፈርተሻል?”

“አዎ።”

“እኔም” አለችኝ።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ ሾፌሩ ቱፋ ነው፤ ቅዳሜም በእሱ መኪና እንመጣለን። መልስ አትጻፊልኝ፤ እጄ ላይ ወረቀት ከገባ ደብቄ እንዳላስቀረው ራሴን አላምነውም። የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። እኔ ከአጥሩ ውጭ እቆማለሁ፤ የምትጣራሽ እሷ ናት። ድምፅዋ ገና አልተመለሰላትምና ከሩቅ አይሰማም። በሩ አጠገብ ሁኚ።

ፈሪዋ ጓደኛሽ፣
እንቁ